የኡርጌ ሽንኩርት

ሲንቄ ከረጢቱን ያገኘችው የድንች ዘር ልታወጣ አልጋ ሥር ስታጎነብስ ነው። ዘመኑ ሰባ ስምንት፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶም ቢሆን ጥሎ፣ በጎጆ ከተማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሁሉ ድንቹን ለመትከል የሚጣደፍበት ሰሞን። የድንቹን ጆንያ ብርሃን እንዳያገኘው ብላ አልጋ ሥር ያስገባችው ራሷ ናት። ከበስተኋላው፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የተወሸቀውን ትንሽ ከረጢት ግን እሷ አላስቀመጠችውም። ጎትታ አወጣችው። አፉ በገመድ ታስሯል፤ አቋጠሩም የባሏ የጉርሙ ነው። ጉርሙ ቀንበር ሲያስርም፣ ጭነት ሲያስርም እንዲህ አድርጎ ነው የሚቋጥረው።

ፈታችና አፉን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። መጀመሪያ ሽንኩርት መሰላት። ግን የሽንኩርት ሽታ የለውም፤ የሚላጥ ልብስም የለውም። ነጭ ሽንኩርት እንደሚከፋፈለው ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ፣ ቁርጥራጩ እርስ በርስ ተደራርቦ የተጠቀለለ ነው። ከየአናቱ ደግሞ ጉንቁል ወጥቷል። የድንች ጉንቁል አጭርና ድንቡሽ ያለ ነው፤ ይኼኛው ቀጭን፣ ገርጣ ያለ፣ ብርሃን ፍለጋ ከከረጢቱ ቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የተጠማዘዘ ነበር። አንዳንዱ ገመዱ ሥር ሾልኮ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ያን ጊዜ አወቀችው። የኡርጌ አበባ ነው።

ኡርጌ የጉርሙ የፊት ሚስት ነበረች። ልጃቸው ወርቅቱ ገና ድክ ድክ ስትል፣ ኡርጌን ክረምት ላይ ትኩሳት ያዛት፤ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር አምቦ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። ሲንቄ ከዚያ በኋላ ነው ተድራ የመጣችው። ወርቅቱን አዝላ፣ አጉርሳ፣ ፀጉሯን ሠርታ አሳደገቻት፤ ከራሷ ማህፀን ልጅ አልወጣም። ወርቅቱም አድጋ አምቦ ተድራ እንኳ፣ «አዮ» ስትል፣ እናቴ ስትል፣ ሲንቄን ነው የምትለው። ይኼ ሁሉ ደህና ነበር። የማይሆንላት አንድ ነገር ነበር፤ ከአሮጌው ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከበሩ በስተግራ፣ ኡርጌ የተከለችው ነጭ ሊሊ።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ ከደጅ በማይጠፋበት ወር፣ እንደ መለከት አፉን ከፍቶ ብቅ ይላል። አገሩ ሁሉ «የኡርጌ አበባ» ነው የሚለው። «ከኡርጌ አበባ በላይ ባለው መንገድ ሂድ» ይላል መንገድ የሚጠቁም ሰው። ሲንቄ ደጇን ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርግለታለች እንጂ ውኃ አጠጥታው አታውቅም፤ ነቅላውም አታውቅም። ጣውንት በሕይወት ካለች ትሰድብሻለች፣ ትሰድቢያታለሽ፣ ቀን ሲመጣ ደግሞ ትታረቂያታለሽ። የሞተች ጣውንት ግን አትሰደብም፤ ነውር ነው። አታረጅም፣ አታጠፋም፣ ወጥ አታሳርርም። ሲንቄ ስንት ክረምት ሙሉ ከዚያች ሴት ደጃፍ ገብታ እንደወጣች ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ጥር ላይ የመንደር ምስረታው ትእዛዝ ሲመጣ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ቤቱን አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ማገሩን ተሸክሞ፣ ቤቶች በመስመር በሚሠለፉበት ሜዳ ላይ እንዲሰፍር ተባለ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሲንቄም አለቀሰች፤ ግን ከለቅሶዋ ሥር ለማንም የማትናገረው ትንሽ ዕረፍት ነበረባት። አበባው እዚያው ይቀራል ብላ ነበር። ለካስ አልጋዋ ሥር አብሯት ከርሟል።

ከረጢቱን እንደነበረው አሰረችና መለሰችው። አቋጠሩ ግን እንደ ጉርሙ አልሆነላትም።

ጉርሙ ደግሞ አዲሱ መንደር ከገባ ጀምሮ ያኮረፈ ሰው ነበር። የሠራው ቤት ጠማማ ነው፤ ሆነ ብሎ ያጣመመው ይመስላል። በሩን በማጠፊያ ሳይሆን በጠፍር ነው ያንጠለጠለው። ጎረቤቱ ጌሾ ሲተክል፣ ሌላው የባሕር ዛፍ ችግኝ ሲያፈላ እሱ፣ «እዚህ መሬት ላይ ሥር ያለው ነገር አልተክልም» ብሎ ምሏል። «ጎመን ይበቃኛል። ጎመን ተበልቶ ያልቃል። እኛ እዚህ ለመኖር አልመጣንም።» እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘግቶ ስለነበር ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ፤ ጉርሙ ያን ጊዜ እንኳ ፊቱን ወደ አሮጌው ቀዬ አዙሮ ነው የሚቀመጠው።

እና ይኼ ሰው፣ ሥር ያለው ነገር አልተክልም ያለው ሰው፣ የሟች ሚስቱን አበባ ከነሥሩ ነቅሎ፣ አዝሎ አምጥቶ ደብቆታል። ሲንቄ ማታ ራት ስታቀርብለት ፊቱን አየችው። ምንም አልተለወጠም። ድንቹን ጨው ነካ እያደረገ በላ፤ «ነገ ዘሩን እናውጣ» አለ፤ ተኛ።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሲንቄ ጨውና ሳሙና እገዛለሁ ብላ ጎጆ ከተማ ወረደች፤ እውነቱን ለመናገር ግን የምትፈልገው ናፊሳን ነው። ናፊሳና ባሏ አብዱልመጂድ ከስልጤ አገር መጥተው በገበያው ዳር ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ናፊሳ ኦሮምኛውን እንደ አገሩ ሰው ትናገራለች፤ ነገር ሲጠነክርባት ወደ አማርኛ ትሸሻለች። ኡርጌንም ታውቃት ነበር።

«አከም ጅርታ፣ አዴ ሲንቄ?» አለቻት ጨዉን በጣሳ እየሰፈረች። «ፊትሽ ምን ሆኗል? ታመሽ ነበር እንዴ?»

«ደህና ነኝ። አዴ ናፊሳ፣ ኡርጌን ታውቂያት አልነበር?»

ናፊሳ ጣሳውን ጨው ላይ እንዳስቀመጠች ቀና አለች። «ማን የማያውቃት! ዛሬ ደግሞ ምን አስነሣት?»

«ጉርሙ አበባዋን ነቅሎ ይዞት መጥቷል። ደብቆ፣ ከድንቹ ኋላ ወሽቆት ነው ያገኘሁት።»

«ምን አልሽው?»

«ምንም።»

«እሱስ?»

«እንዳገኘሁት አያውቅም።» ሲንቄ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ቤት ሲፈርስ ሁሉም ፈረሰ ብዬ ነበር። አዲስ ቤት፣ አዲስ ደጅ። ለካስ ከነሷ ነው የገባሁት። አበባው ደግሞ አላረፈም፤ በጨለማ ውስጥ ጉንቁል አውጥቷል።»

ናፊሳ ገበያተኛ አለመኖሩን አየችና ከባንኮኒው ጀርባ ዞራ ወጣች፤ አጠገቧ የጨው ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። «እኔ አንድ ነገር ልንገርሽ። አብዱልመጂድ ሲያገባኝ ከኔ በፊት ሚስት ነበረችው። የሞተች አይደለችም፤ ደህና አድርጋ ያለች፣ አገር ቤት የቀረች። በየዓመቱ ቅቤ ትልክለታለች። እኔ ያንን ቅቤ አልነካም አልኩ። ስንት ዘመን እሱ በቅቤ ሲበላ እኔ በደረቁ በላሁ! አንድ የረመዳን ቀን ደክሞኝ፣ አፍጥሬ፣ ሳላስበው ከሱ ሳህን ጎረስኩ።»

«እና?»

«እና ምን? ጥሩ ቅቤ ነው!» ናፊሳ ራሷ ሳቀች። «የቀናሁባት ሴት ቅቤ ማንጠር ታውቃለች፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ እኔም ወደዚያ በሚሄደው ሰው ሁሉ ሰላምታ እልክላት ጀመር። ወደድኳት አልልሽም። ግን በደረቁ መብላት ቀረልኝ።» ተነሥታ ጨዉን ቋጠረችላት። «ያንቺው ደግሞ ጉንቁል አውጥቷል አልሽኝ። እንግዲያ ወይ ይተከላል፣ ወይ ይበሰብሳል። አንቺ እስኪወጣልሽ ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅሽም።»

ሲንቄ ስትመለስ አቋራጩን ትታ በአሮጌው ቀዬ በኩል ዞረች። ከሰፈሩ ከወጡ ወዲህ በዚያ አልፋ አታውቅም ነበር። ከጉብታው ላይ ቆማ ስታይ ቤታቸው የነበረበት ቦታ በማኅበሩ በሬዎች ታርሶ፣ ገብስ ሊዘራበት ተገለባብጧል። ቤቱ የነበረበት ክብ መሬት ከሌላው ጠቆር ስላለ ብቻ ይለያል፤ የስንት ዘመን አመድና ጭስ ነው ያጠቆረው። የበሩን ቦታ በዓይኗ ፈለገች። ከበሩ በስተግራም ማረሻው አልፎበታል።

ቤት የፈረሰበት ቀን ትዝ አላት። ሰው ሁሉ ምሰሶ ሲሸከም ጉርሙ ዶማ ይዞ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ አጎንብሶ ስታየው፣ እንባውን ሊደብቅ መስሏት፣ እንዳይሰማው ቀስ ብላ ሄደች። ያን ጊዜ ሲቆፍር ነበር እንግዲህ። አሁን ያንን ጀርባ እንደገና አየችው፤ ንዴቷም ቦታ ጠፋበት። አልሄደም፤ ግን ቁጭ የሚልበት አጣ።

ቤት ስትደርስ ጉርሙ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሞፈር ማሰሪያ ይጠግናል። ገብታ ከረጢቱን አወጣችና ከፊቱ አስቀመጠችው።

«አባ ወርቅቱ፣ ይኼን ምን ልታደርገው ነው?»

ሁልጊዜም የምትጠራው በልጁ ስም ነው፤ ያን ቀን ግን ስሙ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ተሰማት።

ጉርሙ ከረጢቱን አየ። አቋጠሩንም አየ። «ድንች መስሎኝ…» አለና አቆመ። ውሸት የማያውቅበት ሰው ነው። «ልጥለው ነበር።»

«ልትጥለው ነው ከዚያ ድረስ ተሸክመህ ያመጣኸው?»

ማሰሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እዚያ ልተወው አቃተኝ» አለ። «ማረሻ ሲገባበት ታየኝ። እሺ ብዬ ነቀልኩት፤ ነቅዬ ደግሞ የት ላድርገው? አንቺ ደጅ ልትከለው?»

«የኔ ደጅ የቱ ነው?»

«ይኼ ነዋ!» በእጁ ጠማማውን በር አሳያት። «ያኛውን ቤት ከሷ ጋር ነበር የሠራሁት፤ አንቺ ገባሽበት፣ ምንም ሳትዪ ኖርሽበት። አውቃለሁ፤ የማላውቅ እንዳይመስልሽ። ይኼ ቤት ግን፣ ቢጣመምም፣ ካንቺ በቀር ሴት አልገባበትም። ከዚህ ደጃፍ ላይ ደግሞ የሷን አበባ እንዴት ብዬ ልትከል? አፌን ሞልቼ አልጠየቅኩሽም፤ ልጥለውም አልሆነልኝ። እንዲሁ ከረመ።»

ሲንቄ ስትጠላው የከረመችውን ያንን ጠማማ ቤት ቀና ብላ አየችው፤ ጠፍሩን፣ ጭቃው ያልሞላውን ግድግዳ። የሷ ቤት ነው ለካ። ማንም አልነገራትም ነበር።

«ቤቱ የኔ ከሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «በሩን ለምን አላስተካከልክልኝም?»

ጉርሙ መሬት መሬት አየ። «መኖራችን እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«እየኖርን አይደለም እንዴ? ስንት ወራችን ነው?» ከረጢቱን ፈታች። «እነዚህ እኔና አንተ እስክንስማማ አልጠበቁንም። እያቸው። በቅለዋል።»

ከፊቱ ዘረገፈችው። ጉርሙ እጁን ዘርግቶ አንዱን ሊያነሣ ሲል ፈራ፤ ሕፃን እንደሚነካ ሰው ጣቱን ብቻ አስጠጋ። ያን ሁሉ ጉንቁል አይቶ «ዋቃዮ!» ብሎ አምላኩን ጠራ።

ዶማ አመጣ። ከቤቶቹ መስመር ወደ ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ ቆፈረ፤ በስተቀኝ ይሁን ያለችው ሲንቄ ናት፤ ለምን እንደሆነ እሱም አልጠየቀም። አፈሩን እያለሰለሰ ሳለ እሷ ትለይ ጀመር። በእጅ ሲጫኑት እንደ ተቀቀለ ድንች የሚልም፣ ውኃ የሚተፋ ነበረበት፤ ያንን ወደ ጎን ጣለችው። ከደህናው አንዱን ስታነሣ ጉንቁሉ ቀጭ ብሎ ከሥሩ ተሰበረ። የጉርሙ ትከሻ ተሸማቀቀ።

«ሆነ ብዬ አይደለም» አለች ሲንቄ።

«አውቃለሁ።»

እውነትም ሆነ ብላ አልነበረም። ግን መናገር ማስፈለጉ አሳፈራት፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን በሁለት እጇ ከሥሩ ደግፋ ነው ያነሣችው።

ድንች ቢሆን ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ይተክሉት ነበር። ይኼን ግን አያውቁትም። ኡርጌ ስትተክል ጉርሙ አጠገቧ አልነበረም። «ጠለቅ ይላል መሰለኝ፤ ስነቅለው ብዙ ቆፍሬያለሁ» አለ። የተጠማዘዘውን ጉንቁል ቀና ሊያደርገው ሲሞክር ሲንቄ እጁን ያዘች። «ተወው። ይሰበራል። ሽንኩርቱን አጋድመህ ቅበረው፤ ጉንቁሉ በራሱ መንገድ ይውጣ።» እንዳለችው አደረገ፤ አንዳንዱ ሽንኩርት ጉድጓዱ ውስጥ የተኛ ሰው መስሎ ተቀበረ፤ ጫፉ ብቻ ከአፈር ላይ ቀረ። የገረጣው ጉንቁል በአንድ ጊዜ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ቅጠል ቆርጠው ጥላ ሠሩበት። ሲጨርሱ አፈሩ ላይ የሚታየው ነገር የሚያኮራ አልነበረም። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ያዘነበለ፣ ነጣ ያለ ጫፍ ብቻ።

ጉርሙ በማግስቱ ለብረት ማጠፊያ ብሎ ጎጆ ከተማ ወረደ። ሳይመሽ በሩ ቀና።

አበባው ግን ወዲያው አልቀናም። ጉንቁሉ ብርሃን ሲያገኝ ገሚሱ እንደ ሰም ቀልጦ ወደቀ። ሲንቄ በየጠዋቱ እየወጣች ታያለች፤ ዛሬም አንዱ ወድቋል፣ ዛሬም አንዱ። ማዘኗ ገረማት። ስንት ዘመን እንዲጠፋ ስትመኘው የነበረውን ነገር፣ አሁን ሲጠፋ በቅጠልና በእንጨት እየደገፈች ታባብለዋለች። የተረፈው ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ። ግንዱ ከመሬት ጋር ሲደርስ የተቆለመመ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ሰማይ ሰማይ የሚያይ። ክረምቱ ሲገባ ጥቂቶቹ እስከ ጉልበቷ ደረሱ፤ ከሁለቱ ላይ ደግሞ እንቡጥ ታየ።

ነሐሴ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞሲሳ መጣ። ሞሲሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ የጉርሙ የሥጋ ዘመድ ነው። ነገር ግን ከላይ የመጣ ትእዛዝ ሁሉ አንገቱ ላይ እንደሚወርድ ቢላ ነው የሚያስፈራው።

«አዴ ሲንቄ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ችግር እንዳታመጪብኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ከአውራጃ ቡድን ይመጣል። በደጅ በኩል የጓሮ አትክልት ብቻ ነው የተባለው። ጎመን፣ ካሮት፣ እንደዚህ ያለ የሚበላ። ይኼ ይነቀል።»

«ንቀለዋ» አለች ሲንቄ።

«እኔ?»

«እኔ ተክያለሁ። ልንቀል ደግሞ አልችልም። አንተ ሊቀመንበር ነህ፤ ንቀለው።»

ሞሲሳ አጎነበሰ። እጁን ሰደደና ግንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይኼ የኡርጌ አይደለም እንዴ?»

«የኡርጌ ነው።»

ቀና ብሎ ፊቷን አየ። የጠበቀውን ነገር ሳያገኝበት አልቀረም፤ ማጅራቱን አከከ። «እንግዲያ ሲመጡ በጆንያ ሸፍኚው» ብሎ ሄደ።

ሲንቄ አልሸፈነችውም። ቡድኑ የመጣው ዝናቡ ጋብ ባለበት ረፋድ ነው። ከመካከላቸው ዝናብ ልብስ የደረበ አንድ ኃላፊ በቤቶቹ መስመር ሲያልፍ፣ ቀና ያለውን በር አይቶ ቆመ፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሁለት ነጭ አበባ፣ አንዱ በእንጨት ተደግፎ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። አፍንጫው በአበባው ቢጫ ዱቄት ተነካ፤ ማንም አልነገረውም።

«ይኼ ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ይኼ ነው አዲስ ኑሮ ማለት! በየደጁ እንዲህ መሆን አለበት።»

ሞሲሳ ከኋላ ሆኖ፣ «በዕቅዳችን መሠረት ነው፣ ጓድ» አለ።

በማግስቱ ጥሩምባ ተነፍቶ ሰው ተሰበሰበ። እያንዳንዱ አባወራ በደጁ አበባ እንዲተክል ታዘዘ። በዚያ ብርድና ጭቃ አበባ ከየት ይመጣል? አንዱ እሾሁ የሚዋጋ ቁልቋል ገንጥሎ ተከለ። ሌላው ከሜዳ አደይ በቁሙ ቆርጦ አምጥቶ እንደ ችካል መሬት ላይ ሰካው፤ እስከ ማታም አልቆየለትም። ሞሲሳ ራሱ ሲንቄ ዘንድ መጥቶ፣ «ከዚያ ሽንኩርት አንዲት እንኳ የለሽም?» ብሎ ለመነ። መስከረም ሳይጋመስ መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ የሚል ሌላ ትእዛዝ መጣና የአበባው ነገር ተረሳ።

ሞሲሳ ለምኖ በሄደበት አመሻሽ ጉርሙ ሳቀ። እዚያ መንደር ከገቡ ጀምሮ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ጉልበቱን እየመታ፣ «ጓድ! በዕቅዳችን መሠረት ነው፣ ጓድ!» እያለ ሳቀ። «አይ! ይኼን ኡርጌ ብትሰማ…» አለና አፉን ያዘ።

ሲንቄ እሳቱን ቆሰቆሰች። «ብትሰማ ምን ትል ነበር?»

ጉርሙ አያት።

«ንገረኝ እንጂ። ስንት ዘመን ከሷ ጋር ኖሬ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች አላውቅም። ሰው ሁሉ ጥሩ ነበረች ይላል፤ ጥሩ የሆነ ሰው ሁሉ ደግሞ ይመሳሰላል።»

እና ነገራት። መጀመሪያ እየፈራ፣ ኋላ እየሞቀው። ኡርጌ ቁጡ ነበረች አለ። ስትቆጣ ዕቃ አትወረውርም፤ ዝም ትላለች፤ አንድ ጊዜ ሳያማክራት ጥጃ ሸጦባት አጨዳ ተጀምሮ እስኪያልቅ አላናገረችውም፤ የሚፈልገውን ለውሻው ነበር የምትነግረው። ታንኮራፋ ነበር፤ «በሬ ያንኮራፋል ብዬ ተነሥቼ ወጥቼ አውቃለሁ» አለ። ሲንቄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያቺ ነውር የሌለባት ሴት ታንኮራፋ እንደነበር ስትሰማ፣ የሆነ ነገር ከደረቷ ላይ ሸርተት አለ። ሁሉም አልሄደም፤ ለመተንፈስ የሚሆን ያህል ግን ቦታ ለቀቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት የወደቁት ሳይቀሩ ከሥራቸው እንደገና በቀሉ። ለካስ ጉንቁሉ እንጂ ሽንኩርቱ አልሞተም ነበር። መስከረም ሲጠባ ወርቅቱ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ከአምቦ መጣች። አምቦ ላይ አስተማሪ አግብታ ነው የምትኖረው፤ አዲሱን መንደር አንዴ ብቻ፣ ያውም በበጋ ነው ያየችው። ከመኪና ወርዳ፣ በጭቃው ተስባ ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። አበባው ሞልቶ ነበር።

«አዮ፣ ይኼ የድሮ ቤታችን አበባ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው። ሽንኩርቱን አባትሽ አመጣው፤ አብረን ተከልነው።»

ወርቅቱ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው። ወደ አበባው ዞራ ነው የተናገረችው። «እናቴ ናት የተከለችው ይሉኝ ነበር ሰዎች። ምን እንደምትመስል ግን አላስታውስም። ሽታዋን እንኳ።» ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «አዮ፣ እንዳይከፋሽ። ልጅ ስወልድ ጊዜ ነው ያሰብኩት» አለች።

ሲንቄ ይኼን ጥያቄ ስትፈራ ነው የኖረችው። ልጅቱም ለካ እሷን ፈርታ ነው ያልጠየቀችው። በርጩማ አወጣችላት፤ ራሷም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«አይከፋኝም። እናትሽ ቁጡ ነበረች፤ እንዳንቺ። ታንኮራፋም ነበር። ይኼን አበባ ከየት እንዳመጣችው ታውቂያለሽ? አንቺን ነፍሰ ጡር ሆና ልትታይ አምቦ ወርዳ፣ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ አየችው። አትክልተኛውን ስትለምን ስትለምን፣ ሲሰለቸው ጊዜ ቆፍሮ ሰጣት። መቀነቷን ፈታ ቋጠረችው። አባትሽ ተናደደ፤ ‹ሰው ከአምቦ ጨው ይዞ ይመለሳል፣ አንቺ የማይበላ ሽንኩርት!› አላት። ዳገቱ ላይ በቅሎዋ ደነበረችና ቋጠሮው ተፈታ፤ ሽንኩርቱ በመንገዱ ላይ ተበተነ። እናትሽ ያን ሆዷን ይዛ ወረደች። ካልለቀማችሁልኝ አልሄድም ብላ ቁጭ አለች፣ ጭቃው መሐል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አጎንብሶ ለቀመላት።»

ወርቅቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «እውነት? ጭቃው ላይ ቁጭ አለች?»

«ቁጭ አለች! አንዱን ደግሞ ቤት ሲደርሱ አያትሽ ሽንኩርት መስሏት ወጥ ውስጥ ከተተችው። እንደ ኮሶ መረረ አሉ።»

ጉርሙ ከቤት ውስጥ ሆኖ ሲሰማ ነበር። በሩን ከፈት አድርጎ ብቅ አለ።

«በቅሎ አይደለችም» አለ። «አህያ ናት። በቅሎ ከየት አምጥተን!»

«አንተ ነህ በቅሎ ያልከኝ» አለች ሲንቄ።

«አህያ ነው ያልኩት።»

«በቅሎ ነው ያልከኝ፤ አሁን ልጅህ ፊት አትካደኝ። ና ተቀመጥና የቀረውን አንተው ንገራት።»

ጉርሙ መጥቶ ከሁለቱ መሐል ተቀመጠ። ሕፃኑን ተቀበለና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ነገሩንም ከመጀመሪያው፣ ከቤት ከወጡበት ማለዳ አንሥቶ ጀመረ።